በአየር አርባ ስምንት ደቂቃ

ጡረተኛው ቀያሽ ሦስት መቶ አሥር ኪሎ ሜትር ነው ይላሉ። ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር አምስት መቶ ሃያ ነው ይላሉ። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ጉዞ ነው፤ እነሱ ከሚኖሩበት ከተማ ተነስቶ ልጆቻቸው እስከሚኖሩበት ከተማ። ሁለቱም አልዋሹም። ቀያሹ የሚለኩት በአየር ነው፣ ሹፌሩ በጎማ።

የቀያሹ ልጅ የሹፌሩን ልጅ ካገባ ሦስት ዓመት ሆኖታል። በእነዚህ ሦስት ዓመታት ሁለቱ አባቶች በተገናኙ ቁጥር ይህ ነገር ሳይነሳ ውሎ አያውቅም። ቀያሹ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ትልቅ ካርታ ሰቅለዋል። እንግዳ ሲመጣ ማስመሪያቸውን ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ጋደም ያደርጉና፣ "ይኸው፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ሦስት መቶ አሥር። አርባ ስምንት ደቂቃ፤" ይላሉ። ሰው ሃምሳ ብሎ እንዳያጠጋጋባቸው "ስምንት" የምትለዋን ረገጥ ያደርጓታል።

ሹፌሩ ደግሞ በዚያ መንገድ ላይ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ትልቅ አውቶቡስ ነድተዋል። ተሳፋሪው ካፒቴን የሚል ስም አውጥቶላቸው፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰፈርተኛው የሚጠራቸው በዚያው ነው። አውሮፕላን ግን ተሳፍረው አያውቁም።

"አውሮፕላን ሰው አያደርስም፤" ይላሉ ካፒቴን። "ሜዳ ላይ አራግፎ ነው የሚሄደው። ከቤት እስከ ሜዳው ማን ወሰደ? ከሜዳው ልጅ ቤት ድረስ ማን አደረሰ? እሱንም ይደምሩት እንጂ ኢንጂነር።"

ቀያሹን ኢንጂነር የሚሏቸው ለአክብሮት ይሁን ለሽሙጥ እስከ ዛሬ አልተለየም።

ታዲያ አንድ ቀን ልጅቷ ወለደች። ሴት ልጅ። ለሁለቱም ቤት የመጀመሪያዋ የልጅ ልጅ ናት። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነው የቀያሹ ልጅ በደስታ ብዛት ሦስት የአውሮፕላን ትኬት ቆርጦ ላከ፤ አንዱን ለአባቱ፣ ሁለቱን ለካፒቴንና ለባለቤታቸው። ካፒቴን የራሳቸውን መለሱ። በመለሱበት ማታ ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ሆኖ በሁለቱ ቤትና በአራሷ መካከል ረጅም ክርክር ተካሄደ።

"እኔ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት በአውቶቡስ ተነስቼ ከእሳቸው በፊት እደርሳለሁ፤" አሉ ካፒቴን።

"እኔ አራት ሰዓት ላይ ተነስቼ አምስት ሰዓት ሳይሞላ እዚያ ነኝ፤" አሉ ቀያሹ። "እሳቸው ያን ጊዜ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ናቸው።"

"አየሩ ላይ ነው የሚደርሱት፤ ቤቱ አይደለም።"

ልጅቷ አራስ ናት፣ እንቅልፍ ካየች ሰንብታለች። "በቃ፤" አለች፣ "ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ያቅፋታል። አሁን ልተኛ።" ስልኩን ዘጋች። ይህን ያለችው ሰዎቹን ዝም ለማሰኘት ነው። እነሱ ግን ቃሏን እንደ ሕግ ያዙት።

የካፒቴን ባለቤት ልብስ ሰፊ ናቸው። ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ የያዙትን ቀሚስ ጠርዝ እየዘመዘሙ ሲያዳምጡ ቆዩና ክሩን በጥርሳቸው በጠስ አድርገው፣ "እኔ በአውሮፕላን ነው የምሄደው፤" አሉ።

ካፒቴን የሰሙት አልመሰላቸውም። "ከማን ጋር?"

"ከኢንጂነሩ ጋር።"

"የራስሽን ባል ትተሽ?"

"ባሌንስ አልተውኩም። መንገዱን ነው የተውኩት። ካንተ ጋር በተሳፈርኩ ቁጥር ሹፌሩ ማርሽ ሲቀይር አንተ እግርህን ወለሉ ላይ ትረግጣለህ። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ። እኔ ደክሞኛል።"

ካፒቴን ዓይናቸውን ወደ እግራቸው ጣሉ። የሚረግጡት እውነት ነው።

በማግስቱ ካፒቴን በአሥራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ ተገኝተው የፊተኛውን ወንበር ያዙ። ሹፌሩ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት እሳቸው ራሳቸው መንዳት ያስተማሩት ጎልማሳ ነበርና በአክብሮት ተቀበላቸው፤ ሆዱ ውስጥ ግን ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ፈተና ላይ መቀመጡ ታውቆት ነበር።

ቀያሹና ልብስ ሰፊዋ ደግሞ በአንድ ሰዓት ከቤት ወጡ። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማ ውጭ ነው፤ መንገዱም በሥራ መግቢያ ሰዓት ተጨናንቆ ነበርና ለመድረስ አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። መግቢያው ላይ ረጅም ሰልፍ ጠበቃቸው። ፍተሻው ጋ ሲደርሱ ፈታሿ ከልብስ ሰፊዋ ቦርሳ ትንሽ መቀስ አወጣች።

"እማማ፣ ይሄ አያልፍም።"

"ለምን?"

"ስለት ነው።"

"ልጄ፣ በዚህ መቀስ ሃያ ዓመት ክር ነው የቆረጥኩበት። ሰው ላይ አንስቼው አላውቅም።"

"አውቃለሁ እማማ፣ ደንቡ ነው።"

"ደንቡን ያወጣው ሰው የለበሰውን ኮት በምን የተቆረጠ መስሎታል?"

ቀያሹ ጣልቃ ገብተው፣ ሰልፉን ይቅርታ ጠይቀው፣ መቀሱን አስረክበው ገቡ። ከዚያ ቀዝቃዛ የብረት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ሦስት ሰዓት ሆነ። ልብስ ሰፊዋ ከፊታቸው ያለውን የግድግዳ ሰዓት አዩት።

"ኢንጂነር፣ አውቶቡሱ እኮ እስካሁን ሦስት ሰዓት ሄዷል።"

"መቀመጡ አይቆጠርም፤" አሉ ቀያሹ። "የሚቆጠረው ከተነሳን በኋላ ነው።"

"ጉልበቴ ግን ቆጥሮታል።"

በአራት ሰዓት አውሮፕላኑ እውነትም ተነሳ። ቀያሹ ጎማው መሬት ሲለቅ ሰዓታቸውን አዩና ማስታወሻ ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ልብስ ሰፊዋ ዓይናቸውን ጨፍነው የወንበሩን ክንድ ጨብጠው ነበር። ትንሽ ቆይቶ ከጣሪያው የተሸፋፈነ የወንድ ድምፅ መጣ፣ "ክቡራን መንገደኞች፣ ካፒቴን ነኝ።"

ልብስ ሰፊዋ የቀያሹን እጅጌ ያዙ። "እሱ ደግሞ እዚህ ምን ያደርጋል?"

"ማን?"

"ባለቤቴ!"

ነገሩን አስረድተው እስኪያረጋጓቸው ድረስ አሥራ ሁለት ደቂቃ አለፈ፤ ቀያሹ ይህንንም ጻፉት። ከዚያ በኋላ ጉዞው ሰላም ሆነ። ልብስ ሰፊዋ ዓይናቸውን ገልጠው በመስኮት ማየት ጀመሩ። ማሳው ከላይ ሲታይ ቁርጥራጭ ጨርቅ እርስ በርሱ የተጣፈ ይመስል ነበርና ስፌቱን እያዩ ተደሰቱ። ቀያሹም ልባቸው ሞላ፤ "ያ ወንዝ ነው፣ ይሄ ደግሞ ዋናው መንገድ ነው፣ ያዩታል እንዴት እንደሚጠማዘዝ?" እያሉ መሬቱን ራሳቸው የዘረጉት ይመስል ያስጎበኟቸው ጀመር።

አርባ ደቂቃ ላይ ወደ ደመና ገቡ። መስኮቱ ነጭ ሆነ። አርባ አምስት ደቂቃ ላይ አውሮፕላኑ ወደ አንድ ጎን ዘመም አለ፤ ከዚያም እንደ ዘመመ ቀረ።

"አንድ ቦታ ነው እንዴ የምንዞረው?" አሉ ልብስ ሰፊዋ።

"ተራ እየጠበቅን ይሆናል።" ቀያሹ ሰዓታቸውን አዩ። ልክ አርባ ስምንት ደቂቃ ሆኖ ነበር። ደብተራቸውን ዘርግተው በኩራት፣ "ደርሰናል፤" አሉ። "ከተማው ከበታቻችን ነው። ምናልባት ልክ ከቤታቸው በላይ ነን።"

"ታዲያ ከላይ ሆኜ ልቀፋት?"

ሃያ አምስት ደቂቃ ዞሩ። በመጨረሻ ያ የጣሪያ ድምፅ እንደገና መጣና፣ ከተማው ላይ ከባድ ዝናብና ነፋስ ስላለ ማረፍ እንደማይቻል፣ ስለዚህም ወደ ኋላ ተመልሰው መሐል መንገድ ላይ ባለች አንዲት ከተማ እንደሚያርፉ፣ ለሚፈጠረው መጉላላትም ይቅርታ እንደሚጠይቅ ተናገረ። ቀያሹ ደብተራቸውን ዘጉት።

መሐል መንገድ ላይ ያለችው ከተማ የአውሮፕላን ማረፊያዋ አንድ አዳራሽ፣ አንድ የዕቃ ሚዛንና የቆመ የግድግዳ ሰዓት ነው። በእጁ መገናኛ ራዲዮ የያዘ አንድ ሠራተኛ መንገደኞቹን ሰብስቦ፣ "አየሩ ሲከፈት እንነሳለን፤" አለ።

"መቼ ነው የሚከፈተው?" አሉ ቀያሹ።

"ያንንማ አየሩን መጠየቅ ነው አባት።"

"በግምት?"

"በግምት ከሆነ አንድ ሰዓትም ሊሆን ይችላል። ነገም ሊሆን ይችላል።"

ይህ ከአንድ ሰዓት እስከ ነገ የተዘረጋ ግምት ቀያሹን ክፉኛ አሳመማቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአንድ ጣት ስህተት ሲያገኙ ቀኑን ሙሉ የሠሩትን አፍርሰው እንደገና የሚለኩ ሰው ናቸው። አዳራሹ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመላለሱና ልብስ ሰፊዋ ፊት ቆሙ።

"እህቴ፣ እንውጣ። ዋናው መንገድ ከዚህ ሩብ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ያገኘነውን መኪና ይዘን እንሄዳለን።"

ልብስ ሰፊዋ አስበው፣ "ይቺ ከተማ ካፒቴን ምሳ የሚበላባት አይደለችም እንዴ?" አሉ።

ቀያሹ ሻንጣቸውን አነሱ። መሆኗን ያውቃሉ። ካፒቴን ሦስት ዓመት ሙሉ የአውቶቡሱን ሰዓት እንደ ጸሎት ሲደግሙባቸው ኖረዋል፤ በስድስት ሰዓት ምሳ፣ በስድስት ተኩል መነሳት። አሁን ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ቀያሹ የተመኙት አንድ ነገር ነው፦ ከአውቶቡሱ በፊት ሌላ መኪና እንዲመጣ።

መንገድ ዳር ሲደርሱ ፀሐይ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ከአንድ ዛፍ ሥር ጥላ ያዙ። ቀያሹ ጠርዙ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ባርኔጣቸውን አስተካክለው፣ ትንሿን ሻንጣ እግራቸው ሥር አድርገው። መጀመሪያ ሲሚንቶ የጫነ መኪና መጣ፤ ሳይቆም አቧራውን አልብሷቸው ሄደ። ቀጥሎ አንድ ሞተር ብስክሌት አለፈ። ሦስተኛው አውቶቡሱ ነበር።

አውቶቡሱ ውስጥ ካፒቴን ምሳቸውን በልተው ደስ ብሏቸው ተቀምጠዋል። ከሩቅ መንገድ ዳር የቆመ ሰው አዩ። ባርኔጣ። ሻንጣ። እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ ጀርባ። ዓይናቸውን አሹ። እንደገና አዩ። ከዚያ ልባቸው በደስታ ሊቆም ምንም አልቀረውም።

"አትቁም፤" አሉት ሹፌሩን።

"ጋሼ፣ አንድ ሰው እኮ እዚህ ወርዷል፣ ቦታ አለ።"

"ለአንድ ሰው ብለህ ፍሬን አትያዝ። ነዳው።"

"ሽማግሌ ናቸው እኮ።"

"እኚህን ሽማግሌ አውቃቸዋለሁ፣ በአውሮፕላን ነው የሚሄዱት። ነዳው አልኩህ።" ይህን እያሉ በመስታወቱ በኩል ለቀያሹ እጃቸውን ግራና ቀኝ ያወዛውዛሉ፤ ቦታ የለም፣ ቦታ የለም።

ይህን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ ከዛፉ ጥላ ወጥተው ቀያሹ አጠገብ ቆሙ።

የካፒቴን እጅ አየር ላይ ቀረ። ሹፌሩም ፍሬን ያዘ። "እማማ ናቸው እኮ ጋሼ፤" አለ፣ ካፒቴን ያላዩ ይመስል።

በሩ ተከፈተ። ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብለው ወጡና ባላቸው ፊት ቆሙ። ተሳፋሪው በሙሉ አንገቱን አሰገገ።

"በእጅህ ምን እያልክ ነበር?"

"ዝንብ፤" አሉ ካፒቴን። "ዝንብ አስቸግሮኝ።"

"እኔን የሚያህል ዝንብ?"

ካፒቴን ብድግ ብለው ወንበራቸውን ለቀቁላቸው። ቀያሹም ባርኔጣቸውን አንስተው፣ "እንደምን ዋሉ ካፒቴን፤" አሉ፣ ሌላ ነገር ያልተፈጠረ ይመስል።

"ደህና ዋሉ ኢንጂነር። አርባ ስምንቱ ደቂቃ እንዴት ነበር?"

"ትክክል ነበር። ማረፉ ነው ያስቸገረው።"

ባዶ የነበረው ወንበር ከሁሉም ኋላ ነው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ደግሞ የሚወርደው በመጨረሻ ነው። ካፒቴን ይህን አሰቡ። ቀያሹም አሰቡ። "አንዳችሁ ወደዚያ ሂዱ፣ ይመቻል፤" ቢባሉ አንዱም ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ሁለቱም ከሹፌሩ ጎን የሞተሩ ክዳን ላይ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። ክዳኑ ለአንድ ሰው ይጠባል፤ ለመቀመጫም ይግላል። ኋለኛው ወንበር እስከ መጨረሻው ባዶውን ተጓዘ።

እንዲህ ሆነው አንድ ሰዓት ያህል እንደ ሄዱ ከሰማይ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ልብስ ሰፊዋ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ወደ ላይ አዩ። ሰማዩ ጠርቶ ነበር። አንድ ነጭ አውሮፕላን ከበላያቸው አልፎ ወደ ፊት ገሠገሠ።

"ኢንጂነር፣ ያ የኛ ነው?"

ቀያሹ ቀና አላሉም። "ይመስለኛል።"

ካፒቴን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ባለቤታቸው አዩአቸው። መልሰው ዘጉት። ትከሻቸው ግን በሳቅ ሲንቀጠቀጥ በጀርባቸው በኩል ለቀያሹ ደርሶ ነበር።

ተራራው ሥር ሲደርሱ መንገዱ መጠማዘዝ ጀመረ። ከዚህ ወዲያ ሰባት መታጠፊያ አለ፤ አንዱን ጨርሰው ወደ ላይ ሲያዩ ቀጣዩ ከራስ በላይ ይታያል። ካፒቴን በዚህ ቦታ ሲያልፉ ሠላሳ ስምንት ዓመት ያልተዉት አንድ ልማድ አላቸው። መንገዱን የለካውን ሰው ይረግማሉ። ተሳፋሪው ይህን ያውቅ ስለነበር ድሮ እዚህ ሲደርስ ሁሉም ነቅቶ ይጠብቅ ነበር።

"ይኸው ጀመረ፤" አሉ ካፒቴን፣ የድሮ ድምፃቸው መጥቶላቸው። "ያ ገልቱ። ቀጥ አድርጎ ቢያወጣው ሃያ ደቂቃ የማይፈጅ ተራራ አንድ ሰዓት ከሩብ አስፈጀን። ይሄን መንገድ ሲለካ ሰክሮ ነበር እላለሁ።"

"ሰክሮ እንኳ እንዲህ አይሆንም፤" አለ ሹፌሩ፣ ከመምህሩ የወረሰውን። "እባብ ተከትሎ ነው የለካው።"

"እባብስ ወደ ጉድጓዱ ሲገባ ቀጥ ይላል።"

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ካፒቴን ሞቅ አላቸው። የሰውዬውን ዓይን፣ የሰውዬውን መምህር፣ ሰውዬውን የቀጠረውን መሥሪያ ቤት አንድ በአንድ አነሱ። ልብስ ሰፊዋ ብቻ አልሳቁም፤ ፊት ለፊታቸው የሚያዩት የቀያሹ ጆሮ እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር።

"ኢንጂነር፣ አሞዎታል?"

"የለም።"

"ምን ሆኑ ታዲያ?"

ቀያሹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። "እኔ ነኝ፤" አሉ።

"ምኑ?"

"የለካሁት። ይሄን መንገድ።"

ሳቁ ከፊት ወንበር ጀምሮ ወደ ኋላ እየተቆረጠ ሄደ። ሹፌሩ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ካፒቴን በተቀመጡበት ዞሩ፤ ክዳኑ ጠባብ ስለሆነ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም።

"ሰባቱንም?"

"ሰባቱንም። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። አራት ወር ድንኳን ውስጥ ተኝቼ ነው የለካሁት። ቀጥ አድርጌ አውጥቼው ነበር መጀመሪያ፤ ወረቀቱ አሁንም ቤቴ አለ። ግን ያ በግራዎ የሚያዩት ዳገት ውሃ ያዘለ ነው፣ ክረምት ሲመጣ ይንሸራተታል። ቀጥ ያለው መንገድ አንድ ዓመት አይቆይም ነበር። ስለዚህ ዓለቱን እየተከተልኩ አዞርኩት።" ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉና፣ "አልሰከርኩም፤" ብለው ጨመሩ።

ካፒቴን ወደ ግራ አዩ። ዳገቱ በዝናብ ታጥቦ ቀይ አፈሩ ወደ ታች ፈሶ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት በዚያ ጎን አልፈዋል። ከተማው መግቢያ ላይ ድልድይ በጎርፍ ሲወሰድ አይተዋል፤ ሜዳው ላይ አስፋልት ተሰንጥቆ ሁለት ቀን ቆመው አድረዋል። ሰባቱ መታጠፊያ ላይ ግን አንድም ክረምት መንገድ ተዘግቶባቸው እንደማያውቅ ሲያስቡት ያን ጊዜ ገና ታወቃቸው። ይህን ለመናገር ግን ምላሳቸው እሺ አላለም።

"ሦስተኛው መታጠፊያ፤" አሉ በመጨረሻ።

"ምን ሆነ ሦስተኛው?"

"ወደ ውጭ ያዘምማል። ጎማው ወደ ገደሉ ይሳባል። ለሱስ ምን መልስ አለዎት?"

ቀያሹ ብድግ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። "ያ የኔ አይደለም! እኔ የሠራሁት ወደ ውስጥ እንዲያዘምም ነው፤ አራት በመቶ። ተቋራጩ ነው ያበላሸው። ሦስት ደብዳቤ ጽፌበታለሁ።"

"እውነትዎን ነው?"

"ቅጂው አለኝ።"

"አይ ተቋራጭ፤" አሉ ካፒቴን። ከዚያ ቀና ብለው ለተሳፋሪው፣ "ሰማችሁ? ተቋራጩ ነው!" አሉ። አንዲት የተሳፈረች ሴት፣ "እግዜር ይይለት፤" አለች፤ ርግማኑ በዚህ መልክ ባለቤት ቀየረ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወሬ አላለቀባቸውም። ካፒቴን የትኛው መታጠፊያ ላይ በስንተኛ ማርሽ እንደሚወጣ ይናገራሉ፤ ቀያሹ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ያስረዳሉ። ሹፌሩ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ወለሉን ሳይረግጥበት ነዳ። ልብስ ሰፊዋ ራሳቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ተኙ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ደረሱ። እግራቸው መሬት ሲረግጥ ግን ሁለቱም ነገሩ ትዝ አላቸው። አንድ ታክሲ ነው የተገኘው። ሁለቱም በበሩ በኩል ለመቀመጥ ስለፈለጉ ልብስ ሰፊዋ መሐል ገቡ፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ በር ላይ ተለጠፉ። ታክሲው ቆሞ ሳያበቃ ሁለቱም በሮች ተከፈቱ።

የልጆቹ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ፎቅ ደረጃ እኩል ወጡ። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ካፒቴን የደረጃውን ብረት ያዙ። ቀያሹም በሌላው በኩል ግድግዳውን ያዙ። ልብስ ሰፊዋ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው በመሐላቸው አለፉ፤ "እንገናኝ፤" አሏቸው።

በሩን የከፈተችው ልጅቷ ናት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋለች።

"እማዬ! ቀስ በይ፣ አሁን ነው የተኛችው። ከጠዋት ጀምሮ ስታለቅስ ነው የዋለችው።" ከእናቷ ትከሻ በላይ ሁለቱን ሽማግሌዎች እያለከለኩ ሲመጡ አየች። "አባዬ? አባባ? አብራችሁ ነው እንዴ የመጣችሁት?"

"ረጅም ነው ነገሩ፤" አሉ ካፒቴን።

"አምስት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር፤" አሉ ቀያሹ።

ሕፃኗን ማየት ተፈቀደ፣ መንካት ግን ተከለከለ። በበሩ ስንጥቅ እየተፈራረቁ አዩ። አንዲት ቡጢ ብቻ ነው የምትታየው። ከዚያ ሳሎን ተቀምጠው በሹክሹክታ ተከራከሩ፤ ደረሰ የሚባለው የፎቁን በር ሲያልፍ ነው ወይስ የመኝታ ክፍሉን? ሹክሹክታው እያደገ ሲሄድ ልጅቷ ሁለት ጊዜ ወጥታ ገላመጠቻቸው።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ለቅሶ ተሰማ። ሁለቱም ተነሱ። "እጃችሁን ታጠቡ!" አለች ልጅቷ ከውስጥ። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጋጩ። አንድ ቧንቧ ነው ያለው፤ ካፒቴን ሳሙናውን ሲይዙ ቀያሹ ውሃውን ያዙ። ታጥበው ሲጨርሱ አንድ ፎጣ አለ፤ አንዱ በአንዱ ጫፍ፣ አንዱ በሌላው ጫፍ ያዙት። በዚህ መሐል ለቅሶው ቆመ።

አንገታቸውን አውጥተው ቢያዩ ልብስ ሰፊዋ መኝታ ክፍሉ በር ላይ ቆመዋል። ሕፃኗ ደረታቸው ላይ ናት፤ ዓይኗን ከፍታ የሴት አያቷን አገጭ ታጠናለች።

"እኔ እጄን የታጠብኩት ስገባ ነው፤" አሉ። "እናንተ ስለ በሩ ስትከራከሩ።"

ሁለቱ ሰዎች ፎጣውን እንደያዙ ቀሩ። ካፒቴን ከበሩ ላይ ሆነው የልጅ ልጃቸውን፣ ከዚያም አጠገባቸው ያሉትን ሰው አዩ። ቀያሹ ሚስታቸው ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቤታቸው ካርታ እንጂ ሰው የለበትም። ካፒቴን በኩላቸው ያለውን የፎጣ ጫፍ ለቀቁት።

"ይቅደሙ ኢንጂነር።"

"የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ።"

"ይቅደሙ ስልዎት።"

"ኧረ በፍጹም።"

"በሉ አንዳችሁ ኑ፣" አሉ ልብስ ሰፊዋ፣ "አለዚያ ተመልሳ ትተኛለች።"

ቀያሹ እጃቸውን አደረቁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሦስት ጊዜ። ሕፃኗን ሲቀበሉ ክንዳቸው እንደ መሣሪያ ማቆሚያ ደርቆ ነበርና ካፒቴን ከሥር በአንድ እጃቸው ክርናቸውን ደገፉላቸው። ስንት ሰዓት እንደነበር ቀያሹ አላዩም፤ በኋላ ሲጠየቁም አላወቁትም።

በሳምንቱ ልብስ ሰፊዋ አንድ ወር ተጨማሪ እቆያለሁ አሉ። ሁለቱ አባቶች ደግሞ ወደ ቤታቸው አብረው በአውቶቡስ ተመለሱ። ቀያሹ የመመለሻ ትኬታቸውን ለልጃቸው ትተውለት ሄዱ። አውቶቡሱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ይገባል ተብሎ ነበር፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖም ስልክ አልመጣም። ልጅቷ ደነገጠችና ደወለች።

"አባዬ፣ የት ናችሁ?"

"ገና መግባታችን ነው። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ትንሽ ወርደን ሥራ ነበረን።"

"የምን ሥራ?"

"ተዳፋቱን ለካነው። ኢንጂነሩ እንዳሉት ነው፤ ተቋራጩ ነው ያበላሸው። አራተኛ ደብዳቤ ሊጻፍ ነው፤ እኔም እፈርማለሁ።"

"ተሳፋሪው ምን አለ?"

"መጀመሪያ ጮኸ። በኋላ ግን ጥቂቶቹ ወርደው የመለኪያውን ገመድ ያዙልን።"

ልጅቷ ስልኩን ዘግታ ለእናቷ ስትነግራቸው ልብስ ሰፊዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ለሕፃኗ ትንሽ ቀሚስ ይሰፉ ነበር። ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ለክሩ የሚሆን መቀስ እንድታመጣላቸው ጠየቋት።